ለወይዘሮ በለጡ የተሾመላቸው ተጠባባቂ ልጅ

በእኛ አገር ሰው ወይ ቀን ዐይን ወይ ሌት ዐይን ሆኖ ይወለዳል። ቀን ዐይን ፀሐይ ላይ አጥርቶ ያያል፤ ሲመሽ እንደ ዶሮ ይደናበራል። ሌት ዐይን ደግሞ በድቅድቅ ጨለማ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል፤ ቀትር ላይ ግን ዐይኑ እንባ ሞልቶ ግድግዳ እየዳበሰ ነው የሚሄደው። አዋላጅ ሻማ አብርታ በሕፃኑ ፊት ታሳልፍና «ቀን ነው»፣ «ሌት ናት» ትላለች፤ በዚያው ይጸናል። እኔ ቀን ዐይን ነኝ። ሥራዬ የእድር ጥሩምባ መንፋት ነው። ሰው ሲሞት በየሰፈሩ እየዞርኩ «እገሌ አርፏል፣ ቀብር ውጡ» የምለው እኔ ነኝ። አገሩን የማውቀው በሙታኑ በኩል ስለሆነ በቀላሉ የሚያታልለኝ የለም።

በአያቶቻችን ዘመን ቀን ዐይኖች ቀትር እየጠበቁ ሌት ዐይኖችን ይዘርፉ ነበር። ይደበድቡ ነበር፤ ከዚያም የባሰ ያደርጉ ነበር። የማያይ ሰው ማን እንደመታው አይመሰክርማ። የገዛ ወገኖቼ ናቸው ብዬ ላድበሰብሰው አልፈልግም። በመጨረሻ ሌት ዐይን እናቶች ተማረሩና ድንጋይ በጀርባቸው እያመላለሱ መስኮት የሌለው ቤት ሠሩ። ጥላ ቤት ይባላል። ፀሐይ ስትበረታ እዚያ ገብተው ያርፋሉ፣ እዚያ ይወልዳሉ፣ ሙታናቸውንም እዚያ ያለቅሳሉ። ቀን ዐይን አይገባም። እኔም ጥሩምባዬን ነፍቼ ደጅ እቀራለሁ፤ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ደግሞ ተሻጋሪዎች አሉ። ከድሮም ነበሩ። ቀን ዐይን ሆኖ ተወልዶ፣ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ «እኔ የሌት ነኝ» የሚል ሰው በየመንደሩ አንድ ሁለት አይጠፋም። ፊቱ ላይ ጥቁር ሻሽ ይጥላል፣ ቀን ይተኛል፣ ኑሮውን ከሌት ዐይኖች ጋር ያደርጋል። ቅብጠት ነው ብለው የሚስቁ ሞልተዋል። እኔ ለቅብጠት ብሎ ይህን ያህል የሚሰቃይ ሰው አላየሁም። አንዷን ተሻጋሪ እነዚያው ወገኖቼ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ቀጥቅጠው ገድለዋት ጥሩምባ ነፍቼላታለሁ። ቀብሯ ላይ የወጣው ሰው አንድ አግዳሚ ወንበር አይሞላም ነበር።

ሽታዬ ተሻጋሪ ናት፤ የወይዘሮ በለጡ አንድያ ልጅ። ጥጥ ትፈትላለች፤ ፈትሏን አገር ይሻማል። ኩሩ ናት፣ ቁጡ ናት፣ ሰላምታ እንኳ የምትመልሰው ደስ ካላት ነው። እናትየዋ ሌት ዐይን ነበሩ። አዋላጇ «ቀን ናት» ብላ ያስታቀፈቻቸው ልጅ ሻሽ አጥልቃ «የሌት ነኝ» ስትላቸው አልተከራከሯትም፤ እውነት ነውም ውሸት ነውም አላሉም። «ልጄ» ብቻ ነበር የሚሏት።

እማማ ደብሪቱ ደግሞ የጥላ ቤቱ አልቃሽ ናቸው፤ የበለጡ የእድሜ ልክ ባልንጀራ። እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ የማያለቅስ የለም። እናታቸው የሞቱት ቀትር ላይ በቀን ዐይኖች እጅ ነው። ይህን ለሰው አያወሩትም፤ የጥላ ቤቱን ግድግዳ ሲነኩት ግን እጃቸው ላይ ያስታውቃል። ሽታዬ «ልግባ» ብላ የመጣች ቀን በሩን ይዘው የቆሙት እሳቸው ነበሩ።

«አንቺ የበለጡ ልጅ፣ ክፉ አልመኝልሽም» አሏት። «ማንም ቢነካሽ በዚህ ዱላ ነው የምለው። ዐይንሽ ግን የቀን ዐይን ነው። ያላየሁትን አየሁ በይ ብትይኝ አልልም።»

«አዋላጇ ያየችው ዐይኔን ነው እማማ። እኔን አላየችኝም።»

«ይሁን። እኔም የማወራው ስለ ዐይን ነው።»

«እኔ ደግሞ ስለ እኔ ነው የማወራው!»

በዚህ ተለያዩ። ውስጥ ያሉት ሴቶችም ትግባ አትግባ ብለው ሁለት ላይ ተከፈሉ፤ ድስት የተዋሱ ጎረቤታሞች ተኮራርፈው ድስቱ ሳይመለስ ከረመ። ግን አገር አልፈረሰም። እማማ ደብሪቱ ሽታዬን በመንገድ ሲያገኟት «የበለጡ ልጅ» ይሏታል፤ እሷም «አቤት» ትላለች። ይህ ጥሪ አንዷንም አያስዋሽም፣ አንዷንም አያዋርድም። ፍቅር ነበር አልልም። ጉርብትና ነበር።

አሁን የልጅ መልስ የምንለውን ልማድ ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በእሱ ነው። በእኛ አገር አልቃሽ ሟችን በስሙ ጠርታ «ማንን ተውክ?» ብላ ትጠይቃለች። ልጅ ከሬሳው ራስጌ ቆሞ «እኔን» ብሎ በግጥም ይመልሳል። ተሸካሚዎች ቃሬዛውን የሚያነሡት ያን ጊዜ ነው። ልጅ ካልመለሰ ሬሳ አይነሣም፤ መልስ ሳያገኝ የሄደ ሟች መንገድ ይስታል ይባላል። ለሌት ዐይን ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሆነው ጥላ ቤት ውስጥ ነው።

እንግዲህ ወይዘሮ በለጡ ሐሙስ ጠዋት አረፉ።

ጥሩምባዬን ነፍቼ ስመለስ እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ ጥለው ሽታዬ ደጅ ተቀምጠዋል። ሽታዬ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ሁለቱም አልቅሰው አልቅሰው ድምፃቸው ሻክሯል፤ እንደዚያም ሆነው ይከራከራሉ።

«በሩን ወለል አድርጌ እከፍተዋለሁ» አሉ እማማ ደብሪቱ። «አንቺ ደፉ ላይ ቁሚና መልሺ።»

«ደፍ ላይ የሚቆም ለማኝ ነው። እናቴ ናት የሞተችው።»

«ራስጌዋን ወደ በሩ አዞረዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ አንድ እርምጃ ብገባ ምን ይሆናል?»

«አንዷ እርምጃ ናታ ነገሩ! ያንን ግድግዳ እኮ እነ እናቴ ናቸው በጀርባቸው...» አልጨረሱትም።

ሽታዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እዚሁ ቤታችን ብናለቅሳትስ? መስኮቱን በጋቢ ጋርደን?» አለች።

እማማ ደብሪቱ አገጫቸውን ያዙ። «ከጥላ ቤት ውጭ ተለቅሶ አያውቅም» አሉ። ቀጥለውም «እስቲ ሴቶቹን ልጠይቅ። ጋቢው ግን ድርብ ይሁን፤ ያንቺ ስስ ነው» አሉና ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እንደሚቀብሩ አንጀቴ ነገረኝ።

ወገን ከወገን ሲጣላ ዳኝነት የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሚዛን ቢሮ፣ የመጣው ይኼኔ ነው።

ማን እንደጠራው አልሸሽግም። ከከተማ ሁለት ማኅበሮች በየመኪናቸው ተጭነው መጥተው ነበር፤ አንዱ የዐይን ጠባቂዎች፣ ሌላው የተሻጋሪ ወዳጆች ይባላል። ወይዘሮ በለጡን በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ጠይቀዋቸው የማያውቁ ሰዎች ሬሳቸው ላይ አቋም ያዙ። አንደኛው ማኅበር እማማ ደብሪቱን «ጀግናችን» አላቸው፤ ሌላው ሽታዬን «ሰማዕታችን» አላት። ሽታዬ «እኔ አልሞትኩም፤ እናቴ ናት የሞተችው» ብትል የሚሰማት ጠፋ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው።

ሚዛን ሹሙ መልካም ሰው ይመስላል። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሲያዳምጥ ራሱን ይነቀንቃል፣ ለሁሉም «እረዳዎታለሁ» ይላል። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከበላዩ ያሉት ዘንድ አቤቱታ እንዳይደርስ። ሬሳው እስከ ነገ ይቆይ ብሎ አዘዘና እኔን ጠርቶ የመጀመሪያውን ዐዋጅ በጥሩምባ እንድለፍፍ አደረገኝ። ከእንግዲህ ቀን ዐይን፣ ሌት ዐይን፣ ተሻጋሪ ማለት ክልክል ነው፤ ሁሉም ሰው «ባለ ዐይን» ይባላል። ዐይነ ስውሩ አቶ ጎንጤ በትራቸውን አቁመው «እኔስ ጌታዬ ምን ልባል ነው?» ብለው ጠየቁ። ሹሙ ከረዳቶቹ ጋር እስከ ምሳ ሰዓት ተማክሮ አቶ ጎንጤ «ተስፈኛ ባለ ዐይን» እንዲባሉ ወሰነ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ለፍፌያለሁ፤ እንደዚህ ዐይነት ነገር ግን በአፌ አልፎ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ እማማ ደብሪቱን አስጠራቸው። የተሻጋሪ ወዳጆች ከፍቷቸዋልና አደባባይ ቆመው «ሽታዬ የሌት ናት፤ እኔም ሁልጊዜ እንደዚያ ነው ያየኋት» ይበሉ አለ።

«የበለጡ ልጅ ናት እላለሁ» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ጎበዝ ፈታይ ናት እላለሁ። እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመች እሷ ናት፤ ይህንንም በመሐላ እላለሁ። ያንን ግን አላየሁትም፤ ያላየሁትን አልልም።»

«እረዳዎታለሁ» አላቸው፤ ከአልቃሽነታቸውም ሻራቸው። አርባ ዓመት የሰውን ሙታን ያለቀሱ ሴት የገዛ ባልንጀራቸውን እንዳያለቅሱ ተከለከሉ።

ይህን ሲሰሙ የዐይን ጠባቂዎች በተራቸው ጮኹ። ሹሙም ሚዛኑ እንዳያጋድል ብሎ ሽታዬን በጠራራ ፀሐይ አደባባይ አስወጣት። የቀን ዐይን ናት ለማሰኘት ሻሿን በሰው ፊት ገፈው በመስታወት ብርሃን ዐይኗ ውስጥ ለቀቁባት። ከዳር ቆመው የሚያጨበጭቡ ነበሩ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነክሳ ቆመች። የእናቷ ሬሳ እቤቷ የተኛባትን ልጅ! እማማ ደብሪቱ ከሩቅ ድምፁን ሰምተው «ምን እያደረጓት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ይህን ማን አዘዘ? እኔ ይህን መቼ አልኩ?» ብለው ዱላቸውን እያወዛወዙ ሲሮጡ ዐይናቸው ስለማያይ ቦይ ውስጥ ወደቁ።

ከቦዩ አነሣኋቸውና ሹሙ ዘንድ ሄድኩ። ሹሙን «ጌታዬ፣ አንዷን ያላየችውን በይ ብለው ሻሯት፤ አንዷን ያልሆነችውን ነሽ ለማለት አዋረዷት። ምኑ ነው ሚዛኑ?» አልኩት።

ሳይቆጣ መለሰልኝ። «ሚዛን ማለት ሁለቱም ወገን እኩል ሲከፋው ነው።»

ማታውን ሴቶቹ ወይዘሮ በለጡን በአሪቲና በጠጅ ሣር ከበቧቸው። ሙቀት ነው፤ የሞተ ሰው ደግሞ ዐዋጅ አያውቅም። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ዓርብ ጠዋት ሹሙ ዘላቂ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ ግንበኞች አስመጣ። ጥላ ቤቱ የሁሉም ባለ ዐይኖች እንዲሆን በአራቱም ግድግዳ መስኮት ተከፈተለት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው፤ ሰዎቹን ማስታረቅ ቢያቅተው ግድግዳውን ደበደበው። ሲያልቅ ቤቱ ለሌት ዐይን አጥብቆ የሚያንጸባርቅ፣ ለቀን ዐይን ደግሞ የሚጨልም ሆነ። ቀትር ላይ ሴቶቹ ውስጥ መቀመጥ አቅቷቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ከድልድይ ሥር ተኮለኮሉ። አንዲት የወር አራስ ልጇን በቀሚሷ ሸፍና ከነሱ ጋር ነበረች። ሽታዬ መስኮቶቹን ባየች ጊዜ ነው ያለቀሰችው። «እኔ መቼ መስኮት አልኩ?» አለች። «እኔ እኮ ጥላውን ነው የፈለግኩት!» ሹሙ ግን ቤቱን መርቆ ሪባን ቆረጠ።

ቀረ ለቅሶው። እማማ ደብሪቱ ተሽረዋል፤ የሽታዬም ቦታ «በመጣራት ላይ» ነው ተባለ። ስለዚህ ሚዛን ቢሮ ከራሱ ሠራተኞች አንዲት ተጠባባቂ አልቃሽና አንድ ተጠባባቂ ልጅ ሾመ። ጥሩምባ ነፍቼ እንድለፍፍ ታዘዝኩ፤ «ለወይዘሮ በለጡ ተጠባባቂ ልጅ ተሹሞላቸዋል» ብዬ ለፈፍኩ። ሰው በየደጁ ቆሞ አየኝ፤ የሳቀ የለም።

ተጠባባቂው ልጅ ክራቫት ያሰረ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት ነው። ሬሳው ወደ ጥላ ቤቱ ተወሰደ፤ ገመድ ተወጠረ፤ ሽታዬ ከገመዱ በግራ፣ እማማ ደብሪቱ በቀኝ እንዲቆሙ ተደረገ፤ እኩል ርቀት ላይ። ተጠባባቂ አልቃሿ ከመስኮቶቹ መካከል ቆማ፣ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው፣ «ሟች ማንን ትተዋል?» አለች።

ተጠባባቂው ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሟች የሚመለከታቸውን ሁሉ ትተዋል።»

ተሸካሚዎቹ አልተንቀሳቀሱም። ሹሙ «አንሡ እንጂ፣ ተመልሷል» አላቸው። አለቃቸው መሬት መሬቱን እያየ «አልሰማንም ጌታዬ» አለ። ተጠባባቂው ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «አልሰማንም» አሉ አሁንም። ዝንብ ብቻ ነበር የሚሰማው። ቃሬዛው ላይ ያሉት እናት ናቸው፤ እንጨት አይደሉም!

እማማ ደብሪቱ ከገመዱ ማዶ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገፈፉ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት መታቻቸው፤ ዐይናቸው እንደ ምንጭ ፈሰሰ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

«ደጅሽ ተዘግቶ ነው ድምፅሽ የጠፋብኝ፣
ንገሪኝ በለጡ፣ ማንን ተውሽልኝ?»

ሹሙ «ክልክል ነው!» አለ። ሽታዬ ከወዲያ ማዶ ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ መለሰች።

«እኔን ትታ ሄደች፣ ያሳደገችኝን፣
ቀንም ሆነ ሌሊት ልጄ ያለችኝን።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አገሩ በሙሉ አነባ። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ብድግ አደረጉ፤ ገመዱን በደረታቸው በጥሰው ሄዱ። ወይዘሮ በለጡን ቀበርናቸው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ አልለፈልፍም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሹሙ አስጠራኝ። ሁለቱም ማኅበሮች ከስሰዋል፤ አንዱ ሽታዬ ለምን መለሰች ብሎ፣ ሌላው እማማ ደብሪቱ ለምን ጠየቁ ብሎ። በመክሰሱ ብቻ ተስማምተዋል። ስለዚህ መልሱ ያለ ሥልጣን የተሰጠ ነውና ቀብሩ ሕጋዊ አይደለም ተባለ። መቃብሩ ተከፍቶ፣ ሬሳው ወጥቶ፣ ሥርዓቱ በተጠባባቂዎቹ ይደገማል። «ቀብር ውጡ ብለህ ንፋ» አለኝ። «ለማን ቀብር?» አልኩት። «ለዚያችው» አለኝ።

ጥሩምባዬን ይዤ ወጣሁ፤ አልነፋሁትም። በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄድኩ።

ወሬ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። እማማ ደብሪቱ በቀትር ፀሐይ የመቃብሩ አፈር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉንጫቸው እንባ በእንባ ነው። ሽታዬ ከጎናቸው ናት፤ በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተዋል። ይጨቃጨቃሉ።

«ጥላ ቤቱ ሲታደስ ደጁን አሁንም እይዘዋለሁ፤ ልንገርሽ» ይላሉ እማማ ደብሪቱ።

«እኔም አሁንም እመጣለሁ። መስኮቶቹን የምደፍነው ግን እኔ ነኝ።»

«ጭቃ ማቡካት መች ታውቂና!»

«እርስዎ ያስተምሩኛላ።»

እማማ ደብሪቱ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉና ወደ መንገዱ ጆሯቸውን አቀኑ። «መጡ እንዴ?»

ሽታዬ ሻሿን አላነሣችም። ፊቷን ብቻ አዞረች። «አራት ናቸው» አለች። «ሦስቱ አካፋ ይዘዋል። ባለ ክራቫቱም አብሯቸው ነው።»

«እንዴት እንዳየሽ አልጠይቅሽም» አሉ አሮጊቷ።

«ቢጠይቁኝም አልነግርዎትም።»

«ጠጋ በይ እንግዲህ። ራስጌዋ ባዶ ነው፤ ከዚያ ነው የሚጀምሩት።»

ሽታዬ ተንሸራታ ራስጌው ላይ ተቀመጠች። እኔም ግርጌው ላይ ተቀመጥኩ። ከመንገዱ ባለ አካፋዎቹ ደረሱና ቆሙ። አንደኛው ግራ ተጋብቶ «ለሟች ምኗ ናችሁ?» ብሎ ጠየቀን።

«ልጇ» አለች ሽታዬ።

«ባልንጀራዋ» አሉ እማማ ደብሪቱ።

«ጥሩምባ የነፋሁላት» አልኩ እኔ።

እማማ ደብሪቱ በማያይ ዐይናቸው ወደ ተጠባባቂው ልጅ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ አንተ ምኗ ነህ?»

ተጠባባቂው ልጅ ክራቫቱን ነካካ። ወደ ባለ አካፋዎቹ አየ፤ እነሱም እሱን አዩት፣ መልሱን እየጠበቁ።